ኳሷን የሚያቆም ዱላ

የጎልፍ ሜዳው ሰዎች አባቷን «ፍሬን» ነበር የሚሏቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ስለነዱ ብቻ አይደለም። ከሩቅ የመቷት የጎልፍ ኳስ ግሪኑ ላይ፣ ቀዳዳው ባለበት ጥርት ተደርጎ በታጨደው ሣር ላይ ስታርፍ አንዴ ነጠር ትልና ቀጥ ትላለች። ሌላው ሰው ያመለጠችውን ኳሱን ፍለጋ ማዶ ለማዶ ሲንከራተት እሳቸው እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ይጠብቃሉ። ሹፌር ጎልፍ መጫወቱ የደነቃቸው ሁሉ፣ ኳሷን ካዩ በኋላ ሹፌርነታቸውን እርግፍ አድርገው ይረሱታል።

ባለፈው ዓመት ግን ደረጃ አዳልጧቸው ወደቁና የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። ጀሶው ሲፈታ እጅየዋ ብርጭቆ ታነሳለች፣ ቁልፍ ታዞራለች፤ ኳሷ ግን አልታዘዝ አለች። ግሪኑ ላይ ታርፋለች፣ ከዚያ ምን እንደሚያስቸኩላት እንጃ፣ ሽው ብላ ማዶ አሸዋ ውስጥ ትገባለች። አንድ ቀን ከሜዳ ሲመለሱ ከረጢታቸውን ከበሩ ኋላ አቆሙና «ይቺ እጅ ሞታለች» አሉ። እንደ ዋዛ ነው ያሉት፤ ልጃቸው ግን እንደ ዋዛ አልሰማችውም። እናቷ ካረፉ ወዲህ ሰውየው የሚስቁት እዚያ ሜዳ ላይ ብቻ ነበር።

«ቅዳሜ ለመጨረሻ ጊዜ እሞክራለሁ» አሏት። «ካልቆመች ከረጢቱን ለፈለግሽው ስጪልኝ።»

ልጅቷ ወርቅ ሠሪ ናት። የሰፋ ቀለበት ታጠባለች፣ የተበጠሰ ሐብል ትበይዳለች፤ ስለ ጎልፍ የምታውቀው አባቷ ሲያወሩ የሰማችውን ያህል ነው። ቢሆንም እጇን አጣጥፋ መቀመጥ አልሆነላትም። ሥራዋን በጊዜ ዘጋችና አባቷን የስፖርት ዕቃ ወደሚሸጥበት ቤት ይዛቸው ሄደች። አሮጌዋን ዌጅም፣ ወደ ግሪኑ ሲቃረቡ የሚመቱባትን አጭር ዱላ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ያዘች።

ቤቱ ረጅምና ጠባብ ነው። ጫፉ ላይ ከጣሪያ የተንጠለጠለ መረብ አለ፤ ወለሉ ላይ አርቴፊሻል ሣር፣ ከሣሩ ጎን ደግሞ የጫማ ካርቶን የምታክል ማሽን። የተመታችውን ኳስ ሽክርክሪት ቆጥራ ስክሪን ላይ የምታወጣ ማሽን ናት።

«ኳስን የሚያቆማት ሽክርክሪቷ ነው» አለ ባለሱቁ፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ፈርጠም ያለ ሰው ነው። «ወደ ኋላ እየተሽከረከረች ካረፈች ሣሩን ነክሳ ትቆማለች።»

አባትየው ማንንም ሳይጠይቁ ፊቷ ክፉኛ ወደ ሰማይ የተጋደመችውን ዱላ አነሱ፤ ስልሳ ዲግሪ የሚሏትን። ይበልጥ የተጋደመ ይበልጥ ያሽከረክራል ብለው ነው፤ ልጅቷም እንደዚያው መስሏት ነበር። መቱባት። ባለሱቁ ስክሪኑን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ከልክ በላይ ሲጋደም ኳሷ ፊቱ ላይ ተንሸራታ ትወጣለች እንጂ አትያዝም። ይቺን ይሞክሯት አባቴ፤ ሃምሳ ስድስት ናት። ታችዋም ሰፋ ያለ ነው። እርስዎ ወደ ታች ተጭነው ነው የሚመቱት፤ ጠባቧ መሬቱን ትቆፍርብዎታለች።»

እውነትም ሃምሳ ስድስቷ ስልሳዋን በሽክርክሪት በለጠቻት። አባትየው ግን ፊታቸው አልተፈታም። ባለሱቁም «እስቲ ያመጣችኋትን ልያት» አለ። ልጅቷ ጨርቁን ስትፈታ ዱላዋ የአምፖሉን ብርሃን ተቀብላ አብረቀረቀች። አባትየው በእሷም መቱ። ስክሪኑ ላይ የወጣው ቁጥር የአዲሷን ግማሽ እንኳ አልሞላም።

ባለሱቁ መነጽሩን አወረደ። የአሮጌዋን ፊት በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገ። ከዚያ አዲሷን ለልጅቷ አቀበላትና «በጣትሽ ዳብሺያት፤ ኳሷን ይዞ የሚያሽከረክራት ይሄ ነው» አላት።

ዳበሰቻት። ከዳር እስከ ዳር ቀጫጭን ቦዮች ተቀርጸውባታል፤ በቦዮቹ መካከል ደግሞ ዐይን የማያየው፣ ጣት ብቻ የሚያውቀው ሸካራነት አለ። ወርቅና ብር ስትሠራ የኖረች ሰው ናት፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን ገጥሟት አያውቅም። ሜዳ አቋርጣ የምትበር ኳስ በዚህች ቅንጣት ነገር ታዝዛ ትቆማለች ማለት ነው? ተደመመች። ቀጥላ የአሮጌዋን ፊት ነካች፤ እንደ መስታወት ያንሸራትታል።

«ማነው እንዲህ የወለወላት?» አለ ባለሱቁ።

እሷ ነበረች። ያኔ የአባቷ እጅ ጀሶ ውስጥ እያለ፣ ደስ ይበላቸው ብላ፣ ዱላዋን ሱቋ ወስዳ ቀለበት በምታጠራበት መወልወያ ማሽን አንጸባርቃ መለሰችላቸው። አባቷም ደስ አላቸው። ከዚያ ወዲያ በየእሁዱ እየወሰደች ትወለውላት ጀመር። እሳቸው ቀድሞ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ነበር የሚጠርጓት። ልጅ በፍቅሯ ብዛት የአባቷን ዱላ ጥርስ፣ ቦዩንም ሸካራውንም፣ አርግፋ ጨርሳለች።

«እኔ ነኝ አባባ» አለች። «እጅዎ አይደለም። እኔ ነኝ ያበላሸኋት።»

«ተይ ባክሽ። እኔን ለማጽናናት ብለሽ ጥፋት አትሸከሚ።»

«እውነቷን ነው አባቴ» አለ ባለሱቁ። «ማሽኗን ይዩአት፤ በሁለቱም ዱላ የመታው ያው እጅዎ ነው። የተለየው ዱላው ነው።»

«ማሽኗማ ደሞዟን የምትቀበለው ካንተ አይደል?»

ባለሱቁ ሳይወድ ሳቀ። ሃምሳ ስድስቷን ይዘው ወጡ፤ አባትየው ግን አሁንም እጃቸውን እንደወቀሱ ቤት ደረሱ።

ቅዳሜ ሱቋን ሳትከፍት አብራቸው ሄደች። ቅዳሜ ገበያዋ ስለሆነ፣ አባቷ ስማቸው በገነነበት ዘመን አንድም ቀን መጥታ አይታቸው አታውቅም። ጤዛው እስኪደርቅ ጠብቀው ከግሪኑ ራቅ ብለው ቆሙ። ግሪኑ ወደ ማዶ ያዘነብላል፤ ከማዶው ያ ክፉ አሸዋ አለ። አባትየው የዱላዋን ፊት በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ጥቂት ቆዩና መቱ።

ኳሷ ዝቅ ብላ በረረች፤ ልጅቷ በልቧ አለቀ አለች። ቀዳዳውን አልፋ አረፈች። አንዴ ነጠረች። ወደ አሸዋው ቁልቁል ልትሄድ ስትል ቀጥ አለች። ያ ሁሉ ግስጋሴ የት እንደገባ አይታወቅም። ቀጥሎም፣ ማንም ሳይነካት፣ ነፋስ ሳይኖር፣ ዳገቱን ቀስ እያለች ወደ ኋላ ተመለሰች። አባቷ ሲያወሩት የሚያጋንኑ ይመስላት ነበር፤ ለካስ አሳንሰውት ነው። ወደ እሳቸው ዞረች።

እሳቸው ኳሷን እያዩ አልነበረም። ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው እንደ አዲስ ነገር ያገላብጧታል፤ ይጨብጧታል፣ ይፈቷታል።

«ለካ ደህና ነበረች» አሉ ቀስ ብለው። «ዓመት ሙሉ ስሟን ሳጠፋ ከረምኩ።»

ልጅቷ አዘጋጅታ የያዘችውን ይቅርታ ልትጀምር አፏን ከፈተች። ከተሰበሩ ወዲህ ለሰው ሰላምታ የሚዘረጉት ግራቸውን ነበር። አሁን ቀኛቸውን ዘረጉላት። ስትይዛት ጠበቅ አድርገው ጨበጧት፤ አሳመሟት። እጇን ሳታስለቅቅ እንደተያዘች ቆመች።