በአባቴ ወገብ የተለካ ችካል

ነብሩ ወጥመዱን ከነችካሉ ነቅሎ ሄዶ በሞተ ጊዜ፣ ጥፋተኛ ሆኜ የተገኘሁት እኔ ነኝ። አባቴ ከአራት ቀን ፍለጋ ተመልሶ፣ ገና ከመኪናው ሳይወርድ መጮህ ጀመረ።

"ብየዳሽ ነው! ብየዳሽ ነው ጉድ የሠራኝ!"

እኔ በያጅ ነኝ። የቱቦላሬ በርና መስኮት እሠራለሁ፤ ለአባቴ ደግሞ ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሰንሰለትና ችካል ስሠራለት ኖሬአለሁ። እሱ አውሬ አጥማጅ ነው። ከብት የለመደ ነብር ሲመጣ የዱር እንስሳት ቢሮ ይጠራዋል፤ እሱ በሕይወቱ ይይዘዋል፤ የቢሮው የእንስሳት ሐኪም አደንዝዛ ሰው ወደሌለበት ጫካ ትወስደዋለች። ወጥመዱ እግር የሚጠልፍ የሽቦ ገመድ ነው። ገመዱ ከሰንሰለት፣ ሰንሰለቱ መሬት ውስጥ ከተመታ ችካል ጋር ይያያዛል። ችካሉ ከለቀቀ ነብሩ ሰንሰለት እየጎተተ ገደል ለገደል ይዞራል፤ ሰንሰለቱ አንዱ ቁጥቋጦ ውስጥ ሲጠላለፍበት እዚያው በውሃ ጥም ያልቃል። ያኛው ያለቀው እንደዚህ ነው። አባቴ ሬሳውን ካገኘ በኋላ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም።

ሰንሰለቱን አንስቼ ብርሃን ላይ አየሁት። ብየዳዬ እንዳለ ነው። ችካሉም አልጎበጠም።

"አባዬ፣ የለቀቀው መሬቱ ነው።"

"መሬቱንማ እኔ ራሴ ፈትኜዋለሁ!"

ፈተናው አገር ያወቀው ነው። ሰንሰለቱን በወገቡ ቀበቶ ላይ ያስርና ጀርባውን ለችካሉ ሰጥቶ፣ ተረከዙን መሬት ላይ ተክሎ፣ የአንገቱ ሥር እስኪገታተር ይስባል። ካልተነቀለ "እኔን ከያዘ ነብርንም ይይዛል" ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። ሰዉ "በሬው" የሚለውም ለዚህ ነው፤ በስሙ የሚጠራው እናቴ ብቻ ናት፣ እሷም ስትቆጣ።

ብዙም ሳይቆይ ሌላ ነብር መጣ። ይኼኛው ደግሞ የሚመላለሰው በደረቀው ወንዝ ውስጥ ነው፤ ላዩ አሸዋና ጠጠር፣ ከአንድ ክንድ ጥልቀት በታች ዓለት። ሐኪሟ ለእኔ ደወለች። "ይኼም ካመለጠ ቢሮው ተኳሽ ነው የሚልከው" አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "አባትሽም ያኔ ከሥራ ያርፋሉ" አለችኝ። አባቴ አርፎ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ወንበር ላይ ተቀምጦ የእኔን ብየዳ ሲተች ውሎ ያድራል፤ እኔም እሱም አንተርፍም።

"ዛሬ አብረሽኝ ትወርጃለሽ" አለኝ በማግስቱ። "ብየዳሽን ራስሽ ጠብቂ።"

መኪናው ቋጥኙን ማለፍ ስላልቻለ ዕቃውን ተሸክመን ወረድን። መዶሻ ማሳረፊያ ይሆነኛል ብዬ ያመጣሁትን የሐዲድ ቁራጭ ሲያይ፣ "ምነው፣ ባቡሩን ረሳሽው?" አለኝ። ችካሉን የመታሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ሥራው መናገር ነበር።

"ቀስ! የሰው በር አይደለም የምትሰብሪው። ስንት ቁርስ ነው የበላሽው ደግሞ?"

ችካሉ ዓለቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። አባቴ ቀበቶውን ከሱሪው አውጥቶ በጃኬቱ ላይ ታጠቀና ሰንሰለቱን አሰረበት። ያኔ ነው ቀዳዳዎቹን ያየሁት። ከሠሪው የመጣው ቀዳዳ ሰፍቶ ጠርዙ ተበልቷል፤ ከእሱ ወደ ውስጥ አራት ሌሎች አሉ። አራቱንም በሁለት ዓመት ውስጥ በምስማር የበሳሁት እኔው ነኝ። በመጣ ቁጥር "ቆዳው ተለጠጠ" ይለኝ ነበር፤ እኔም ብልጧ፣ ቆዳ ይለጠጣል ብዬ እበሳለታለሁ።

አባቴ ሳበ። ችካሉ ፍንክች አላለም። "ያዘ!" አለ እየተነፈሰ።

ተረከዙ የነበረበትን ቦታ አየሁት። ድሮ ሲስብ መሬቱ የታረሰ ይመስል ነበር፤ አሁን ዶሮ የጫረችው ያህል ነው። ያኔም ዛሬም መሬቱ አልተፈተነም። በሬው ነው የከሳው።

ከቋጥኙ ኋላ ሄጄ ለእናቴ ደወልኩ።

"እማዬ፣ አባዬ ከስቷል እንዴ?"

"ገና አሁን አየሽው? ሱሪውን በመርፌ ሳጠብብለት ዓመት አለፈኝ።"

"ታዲያ ለምን አትነግሪውም?"

"አንቺ ንገሪው። እሳት የለመድሽው አንቺ ነሽ።"

ስልኩን ዘጋችብኝ። እኔም ተመልሼ፣ "አባዬ፣ እስቲ እኔም ልሳብ" አልኩት። "ወፈርሽ ወፈርሽ ስትለኝ አይደል የከረምከው?"

ሳቀ። "ቀበቶው መች ይበቃሽና!"

እውነቱን ነው። ጫፉን ጎትቼ ጎትቼ የመጀመሪያው ቀዳዳ እንኳን አልደርስ አለኝ። ሰንሰለቱን በብየዳ ሽርጤ ማሰሪያ ወገቤ ላይ ቋጠርኩና ሳብኩ። በሁለተኛው ስስብ ችካሉ ተነቅሎ በአፍጢሜ ተደፋሁ፤ አፌ አሸዋ ሞላ።

አባቴ አልሳቀም። ደጃፍ ላይ ስደናቀፍ እንኳን ጎረቤት ጠርቶ የሚስቅብኝ ሰውዬ! ጎን ለጎን ያሉትን የእሱንና የእኔን የተረከዝ ምልክት እያየ ቆመ። ከዚያ የቀበቶውን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

"ቆዳው አልነበረም" አለ።

"አልነበረም፣ አባዬ።"

"ብየዳሽም አይደለም።"

"አይደለም።"

"ያንን ነብር የገደልኩት እኔ ነኝ በይኛ።"

አይደለህም ልለው ፈልጌ ነበር። ግን ሽንገላ አይወድም። "አብረን ነው" አልኩት። "ቀዳዳዎቹን የበሳሁት እኔ ነኝ።"

ከዚያ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገና፣ "ተነሺ፣ አካፋውን አቀብዪኝ። እዚህ የሚቆም ችካል አይሠራም፤ የሚጋደም ነው የሚያስፈልገው" አለ።

እስከ ዓለቱ ድረስ ረጅም ጉድጓድ ቆፈርን። የተሳለቀበትን የሐዲድ ብረት ነብሩ ለሚስብበት አቅጣጫ አግድም አድርገን አስተኛነው፤ ሰንሰለቱን የብረቱ ወገብ ላይ ጠምጥመን በጠባብ ቦይ አወጣነው። ከፊቱ ትልልቅ ድንጋይ ሰካን፤ ከላይ ጠጠር መልሰን፣ ውሃ አፍስሰን ረገጥነው። ከዚያ እኔ በሽርጤ፣ እሱ በቀበቶው ታስረን አንድ ላይ ሳብን። ዓይኔ ብዥ እስኪል ሳብኩ። ንቅንቅ አላለም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነብሩ ተይዞ አገኘነው። ዙሪያውን መሬቱን አርሶታል፤ ሰንሰለቱ ተወጥሯል፤ ብረቱ የተቀበረበት ግን አንድ ጠጠር አልተፈናቀለም። ሐኪሟ አደንዝዛ እግሩን መረመረችና ደህና ነው አለች።

"መሬቱን እርስዎ ነዎት የፈተኑት?" ብላ ጠየቀችው።

አባቴ በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። "በሬዋ ያቻትልዎት፣ ዶክተር።"

በማግስቱ ወርክሾፔ ስገባ ቀድሞኝ ደርሷል። ቀበቶውን ብረት በማስርበት ሞርሳ ላይ ዘርግቶ፣ ከጫፉ በጣት ስፋት ገባ ብሎ፣ በምስማር አዲስ ቀዳዳ እየበሳ ነው። የራሱን ሱሪ በሲባጎ አስሮታል። ጨረሰና ቀበቶውን ወገቤ ላይ ራሱ አጠለቀልኝ፤ ልክ ሆነ።

"እንግዲህ ሲጠብሽ" አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ፣ "ቆዳው ተኮማተረ እንዳትዪኝ።"