ያልደረሰው ውጤት

«ሲስተማችሁ ሞቷል ወይስ እኔ ነኝ ያበድኩት?» አሉ የላብራቶሪው ኃላፊ፣ በሩን ሳያንኳኩ ገብተው። ሆስፒታሉ ውስጥ ሁሉም ሰው ጋሼ ነው የሚላቸው። «የላክሁት የደም ውጤት ሐኪሞቹ ጋ አልደረሰም። ግማሽ ሰዓት አለፈው!»

የኮምፒውተር ባለሙያዋ ከኪቦርዷ ቀና አለች። ጠዋቱን ሙሉ የደከመችበት ሥራ ገና አሁን መስመር ይዞላት ነበር። ሰርቪስ ሜሽ የሚባለውን አዲስ ዘዴ ለመፈተሽ፣ ከአራት ትንንሽ ፕሮግራሞች የተሠራ፣ ለሙከራ ብቻ የሚያገለግል የይስሙላ የኢንተርኔት ጫማ መደብር የሆስፒታሉ ሰርቨሮች ላይ ጭናለች። ዘዴው በየፕሮግራሙ ደጃፍ ዘበኛ ያቆማል፤ «ያለ መታወቂያ ማንም አይለፍ» የሚል ደንብ ከወጣለት መታወቂያ የሌለውን መልእክት ሁሉ ይመልሳል።

ያስገባችውን ትእዛዝ ደግማ አነበበችው። ደንቡ ለጫማ መደብሩ ብቻ መሆን ሲገባው፣ የመደብሩን ስም ሳትጽፍ ለሁሉም አውጥታዋለች። የሐኪሞቹ ፕሮግራም ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ዘበኛ አለው። የላብራቶሪው ግን ተራው ገና ስለነበር መታወቂያ አልተሰጠውም። የሚልከው ሁሉ ከደጅ ሲመለስ ቆይቷል።

ደንቡን ሰረዘች። «ይኸው ጋሼ፣ አሁን ይገባል።»

ጋሼ ግን አልሄዱም። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«አምስት ቁጥር አልጋ ላይ የነበሩት እናት… ደማቸው ውስጥ ያለው ፖታሲየም ልብ እስኪያቆም ጣራ ነክቶ ነበር። ስልክ ብደውል የሚያነሳ ጠፋ። ወረቀቱን ይዤ ወደ ላይ ስወጣ፣ ልጃቸው እያለቀሰች ፊታቸውን ሸፍነዋቸው ደረስኩ። መጀመሪያውኑ በእግሬ ባደርሰው ምን ነበረበት?»



አለቃዋ ወሬው ደርሶት መጣ። በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የኔ እህት፣ ኔትወርክ ተቋርጦ ነው ብለሽ ጻፊ። ኔትወርክ እንደሆነ ቢሰደብም አይከፋው።»

ማንም አልሳቀም።

«ሙከራውን ለብቻው በሆነ ሰርቨር ላይ ላድርገው ብዬ ጠይቄዎት ነበር» አለች።

«ጠይቀሻል። እኔም ጊዜ የለም፣ ለሰኞ አድርሺው ብዬሻለሁ። እሱን ብንጽፈው ሴትዮዋ ይነሳሉ? ልጆችሽን አስቢ እንጂ!»

ልጆቿን አሰበች። ትልቋ ትናንት የሰበረችውን ብርጭቆ ራሷ አምጥታ አሳይታት፣ በርቺ ብላ ስማት ነበር። የሪፖርቱን ቅጽ ከፈተች። «መንስኤ» ከሚለው ፊት «የኔትወርክ መ» ብላ ጀምራ ቆመች። አለቃዋ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ወጣ።

ፊደላቱን አንድ በአንድ አጠፋቻቸው። «ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ በስሕተት ለሁሉም ፕሮግራሞች ያወጣሁት ደንብ» ብላ ጻፈች። ከታች ስሟን አሰፈረች። ሁለት ቅጂ አትማ አንዱን አለቃዋ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው።

«ጋሼ፣ የሴትዮዋ ልጅ አሁንም እላይ ፎቅ ናት?»

«ኮሪደሩ ላይ ናት። ምን ልትያት ነው?»

 ሁለተኛውን ቅጂ አጣጥፋ ያዘችና በደረጃው ወደ ልጅቷ መውጣት ጀመረች።