ቀድሞ የወደቀው

«ያ ነው እንዴ ወንድምየው?»

«ቀስ በይ፤ ይሰማሻል።»

«ይስማ! አስራ አንድ ዓመት ስልክ ያላነሳ ሰው ዛሬ ቢሰማ ምን ይሆናል?»

ሌኒ ሰምቷል። ሁለቱ ጎረቤቶች ወጥ ቤት ቆመው ቡና እየቀዱ ያሙታል፤ እሱ ሳሎን ውስጥ፣ ለሐዘንተኛ በተዘጋጀ አጭር በርጩማ ላይ፣ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ተኮራምቷል። ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ሸሚዙ በቀኝ ደረቱ በኩል ተቀዷል፤ ቀብሩ ላይ ረቢው በምላጭ ጀመሩለት፣ የቀረውን በገዛ እጁ ቀደደው። በአይሁድ የሐዘን ሥርዓት መሠረት የግድግዳው መስታወት በአንሶላ ተሸፍኗል። በሩ አይቆለፍም። ሰው ሳያንኳኳ ይገባል፣ የያዘውን ምግብ ያስቀምጣል፣ ሐዘንተኛው አፉን እስኪከፍት ድረስ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

እሑድ ነበር፤ ሐዘን ከተቀመጡ አራተኛው ቀን።

ከጎኑ ባለው በርጩማ ላይ የሟች ወንድሙ የማርቪን ሚስት ሮዛሊን ተቀምጣለች። ማርቪንና ሮዛሊን ልጅ አልወለዱም፤ ስለዚህ ሐዘኑን የሚቀመጡት ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ ሚስትና ወንድም። ሰባት ቀን ጎን ለጎን። በእነዚህ አራት ቀናት ሮዛሊን ለሌኒ የተናገረችው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ «ፎጣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ አለ» እና «ያ ለማርቪን የበራው መብራት አይጠፋም፣ እንዳትነካው።»

ከምኩራቡ የመጡት ሽማግሌው ፐርልማን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሠላሳ ዓመት መነጽሬን የሠራልኝ ማርቪን ነው» አሉ። «ብሎኑ በላላ ቁጥር ሱቁ ድረስ አያስመጣኝም፤ እዚያው ምኩራብ በር ላይ ከኪሱ ያቺን ቀጭን ካቻቢቴ መዥረጥ ያደርጋታል። ያቺኑ የአሻንጉሊት መኪናውን የሚፈታባትን…»

«አሻንጉሊት አይደለም» አለ ሌኒ።

ሮዛሊንም በዚያው ቅጽበት፣ በዚያው ቃል፣ «አሻንጉሊት አይደለም» ብላ ነበር። ሁለቱም ደንግጠው ተያዩ። ከዚያ እሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች፤ ውጭ በረዶ ይጥላል።

መኪናውን ሌኒ ያወቀው በፍቺው ዓመት ነው። ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር፤ ሚስቱ ጥላው ከሄደች በኋላ ሥራውን ትቶ አምስት ሳምንት ሶፋ ላይ ተኛ። የሚጠይቀው ሁሉ መጽሐፍ ወይም ምክር ይዞ ይመጣል። በሰባት ዓመት የሚበልጠው ማርቪን ግን አንድ ካርቶን ታቅፎ መጣና ውስጡ ያለውን ምንጣፉ ላይ ዘረገፈው፤ ትንንሽ ብሎን፣ የማርሽ ጥርስ፣ ሞላ፣ ጎማ።

«ተነስና አግዘኝ ሌኒዬ» አለው። «ይሄ ነገር የኔ እጅ ብቻውን አልበቃውም።»

ውሸቱን ነው። እንደ ፀጉር በቀጠነ ብሎን የመነጽር ክንድ የሚያስር እጅ ነው ያለው። ሌኒ ያን ጊዜ አላስተዋለም፤ ተነሳና አገዘው። ሲጨርሱ የእውነተኛ መኪና አንድ አስረኛ የምታህል፣ ከምድር ተጣብቃ የምትሮጥ፣ ዐይን እስኪነቅል የምትፈጥን መኪና ሆነች። ማርቪን ሪሞቱን ለታናሽ ወንድሙ ሰጠው። ከዚያ ቀን በኋላ ሶፋው ላይ የተኛ ሰው የለም።

ሌኒ ሪሞት ላይ የሚታዘዝለት ጣት ነበረው። ክሊቭላንድ ዳር አሮጌ የቦውሊንግ አዳራሽ ውስጥ ምንጣፍ ተነጥፎ በተሠራው መሮጫ ላይ በሁለት ዓመት የሚደርስበት ጠፋ። ማርቪን እንዲህ ያለ ጣት አልነበረውም፤ ዘወትር ከታች ካሉት ጋር ነው የሚሮጠው። ግን የሌኒን መኪና የሚያሰናዳው እሱ ነው። ሞላውን ይለውጣል፣ ጎማውን ያሞቃል፣ ባትሪውን ይፈትሻል፤ የራሱን መኪና ሰዓት ከተረፈው ያያታል። ሌኒ በውድድር ቀን ከጭንቀቱ የተነሳ እህል አይቀምስም፤ ማርቪን ግማሽ ዳቦ ይዞ እየተከተለ፣ «ጉረስ! እኔ ነዳጅ የሌለው መኪና አልጠግንም!» ይለዋል። ሰው ይስቅባቸዋል። እነሱም ይስቃሉ።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተና ጢሙ የሸበተ፣ ጎንበስ ብሎ የሚገባ ረጅም ሰው የፍራፍሬ ቅርጫት ታቅፎ ብቅ አለ። ሌኒ በርጩማው ላይ ደርቆ ቀረ። ክላይድ ነው፤ ኬንታኪ የሚኖረው ቧንቧ ሠራተኛ ክላይድ። ይህን ሰው ለመጨረሻ ጊዜ ያየው ዋንጫ ሲቀበል ነው።

ሮዛሊን ተነስታ ሄደችና አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። አለቀሰች። አራት ቀን ሰው ፊት ያላለቀሰችው ሴት ነች።

«የአሳማ ሥጋ የለበትም» አላት ክላይድ ቅርጫቱን እያሳያት፤ የእሱም ዐይን ቀልቷል። «መጀመሪያ እዚህ ቤት የመጣሁ ቀን ማርቪን የያዝኩትን አይቶ እንዴት እንደሳቀብኝ አልረሳሁትም።»

«ለጎረቤት ውሻ ነው የሰጠው» አለች ሮዛሊን፤ ከእንባዋ ጋር ሳቅ አመለጣት።

ክላይድ መጣና ሌኒ ፊት ለፊት ተቀመጠ። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዝም አለ። ልማዱን አስተምረውታል፤ ሐዘንተኛው ሳይጀምር አይናገርም። ሌኒ ግን የሚያየው የሰውየውን ፊት ሳይሆን ሚዙሪ ያለውን ያን አዳራሽ ነበር።

ከአስራ አንድ ዓመት በፊት፣ ብሔራዊው ውድድር፣ የፍጻሜው የመጨረሻ ዙሮች። ነጂዎቹ ከፍ ያለው መድረክ ላይ ተደርድረዋል፤ ከታች በየኩርባው የቆሙት ቀደም ብለው የሮጡት ተወዳዳሪዎች ናቸው። ሥራቸው የተገለበጠ መኪና ማንሳት ነው። ማርቪን የእሱ ምድብ አልቆ በመጨረሻው ኩርባ ላይ ቆሟል። ክላይድ እየመራ ነው፣ ሌኒ ጭራው ላይ ተለጥፏል። ሊያልፈው ነው፤ አዳራሹ ሁሉ ያውቃል። ኩርባው ላይ አንድ ኋላ የቀረ መኪና ተሽከርክሮ መንገዱን ዘጋ። ክላይድ መታውና ተገለበጠ። ሌኒ ፍሬን ያዘ፤ አልደረሰም፤ ወጥቶበት እሱም ተገለበጠ።

የሌኒ መኪና የወደቀችው ከማርቪን ጫማ አንድ እርምጃ ላይ ነው። የክላይድ ሦስት እርምጃ ይርቃል። በዚያ መሮጫ ደንቡ ግልጽ ነው፤ ቀድሞ የወደቀ ቀድሞ ይነሳል። ማርቪን የወንድሙን መኪና ተሻግሮ ሄደ። የክላይድን አቃንቶ ለቀቀና ተመልሶ የሌኒን አነሳ። ክላይድ በአንድ ሰከንድ ተኩል አሸነፈ።

ሌኒ ከመድረኩ ወርዶ ምን እንዳለው ቃል በቃል ያስታውሳል። «አንተ ዕውር መነጽር ሠሪ! ዕድሜህን ሙሉ አንድ ነገር አሸንፈህ አታውቅም፣ እኔ ሳሸንፍ ማየት አንገበገበህ!» ያለው መቶ ሰው እየሰማ ነው። ማርቪን ፊቱ ነጣ። መኪናዋን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ያኛው ቀድሞ ወደቀ፣ ሌኒዬ» ብቻ አለው።

ሌኒ ዕቃውን ጠቅልሎ ወጣ። በአንድ መኪና ነበር የመጡት። ማርቪንን እዚያ ጥሎት፣ ዘጠኝ ሰዓት የሚያስነዳውን መንገድ ብቻውን ነዳ።

«ከሮዛሊን ጋር…» አለ ሌኒ በመጨረሻ። «የት ተዋወቃችሁ?»

ክላይድ ግራ ገባው። «አታውቅም እንዴ? ያን ዕለት ወደ ቤቱ ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

ሌኒ አላወቀም። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ማርቪን ያን ዕለት እንዴት ቤቱ እንደገባ ጠይቆ አያውቅም።

«አዳራሹ ሲዘጋ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት» አለ ክላይድ። «ትንሿን መኪና ሳጥን ውስጥ ከትቶ፣ ልክ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው። ‹ወንድሜ ነዳጅ ሊቀዳ ሄዶ ነው፣ ይመጣል› አለኝ። አንድ ሰዓት አብሬው ጠበቅኩ። ከዚያ ግባ አልኩት። የኔ ቤት መንገድ ላይ ነው፤ አለፍኩትና ክሊቭላንድ ድረስ ነዳሁ። ምን ላድርግ? ዋንጫው የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ እሱን መንገድ ላይ ማውረድ ያስችለኛል?»

«ስለ እኔ… ምን አለህ?»

«አራት ሰዓት ምንም አላለም። ከዚያ፣ ኢንዲያናን ስናልፍ ይመስለኛል፣ ‹ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ መንገድ ላይ አቁሞ የሆነ ነገር ቢበላ ጥሩ ነበር› አለ። ሌላ ምንም አላለም።»

ሽማግሌው ፐርልማን መነጽራቸውን አውልቀው በክራቫታቸው ይጠርጋሉ።

«በየዓመቱ ብሔራዊው ላይ እንገናኝ ነበር» ክላይድ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምዝገባው ጠረጴዛ ጋ ይሄድና የአንተን ስም ይጠይቃል። ‹የለም ማርቪን› ይሉታል። ‹እሺ› ብሎ ይመለሳል። አምና እንኳን፣ በሽታው ከጀመረው በኋላ ማለት ነው፣ ተደግፎኝ ሄዶ ጠይቋል።»

ሌኒ እጁን በእጁ ጨብጦ ወለሉን አየ። ሊያለቅስ ፈለገ፤ እንባው አልመጣም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ በበረዶው ምክንያት ጠያቂ አልመጣም። ሮዛሊን ወጥ ቤት ውስጥ ሰው ባመጣው ምግብ በተሞላው ማቀዝቀዣ ውስጥ ቦታ ልታገኝ ትታገላለች። ሌኒ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ።

«ሮዛሊን፣ ማርቪን ትክክል ነበር።»

እሷ ዞር አላለችም።

«የክላይድ ነው ቀድሞ የወደቀው። አይቻለሁ። ያን ዕለትም አውቀው ነበር፤ ገና ከአዳራሹ ሳልወጣ አውቀው ነበር። ሲደውልልኝም እያወቅኩ ነው ያላነሳሁት። ምን ብዬ ላንሳ? አንድ ወር አለፈ፣ ዓመት አለፈ፣ ከዚያ አሪዞና ገባሁ፣ ከዚያ…»

«ለእኔ ምን ትነግረኛለህ?» ሮዛሊን የያዘችውን ሳህን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ስልኩ አጠገብ ቁጭ ብሎ የጠበቀው እኔ አይደለሁም።»

«የሚነገረው ሰው የለማ።»

«እንግዲያው ያዘው። እኔ ልቀበልህ አልችልም፤ የኔ አይደለም።» አሁን ፊት ለፊት አየችው። «አንድ ነገር ንገረኝ። ያለፈው ሳምንት እሑድ ደወልኩልህ። ‹ሐኪሞቹ ቀናት ነው የቀረው አሉ፣ ና› አልኩህ። ትኬት የቆረጥከው ለሐሙስ ነው። ሰኞ አውሮፕላን አልነበረም?»

«ነበረ።»

«ታዲያ?»

«የመጀመሪያውን ቃል አጣሁት። ገብቼ ምን እንደምለው… ወረቀት ላይ ጻፍኩ፣ ቀደድኩ፣ እንደገና ጻፍኩ። እስከ ሐሙስ አገኘዋለሁ ብዬ ነው።»

ማርቪን ግን በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ንጋት ላይ ሞተ። ለጥየቃ የተቆረጠው ትኬት ለቀብር ደረሰ።

«‹መጣሁ› ትለው ነበር» አለች ሮዛሊን። «ሌላ ምን ፈልጎ? ‹መጣሁ› ብትለው ይበቃው ነበር እኮ!»

ሳህኑን እዚያው ትታ ወጣች። ሌኒ የወጥ ቤቱ ወንበር ላይ ተቀመጠና ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። እንባው አሁን መጣ፤ ለረጅም ጊዜ አልቆመም። ሮዛሊን ከፎቅ ትሰማዋለች። አልወረደችም።

ማክሰኞ እንደ ወትሮው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ። በጸሎቱ ሰዓት ሌኒ ስለ ወንድሙ የሚባለውን ጸሎት ቆሞ ሲያነብ ድምፁ ሁለት ቦታ ላይ ተሰበረ፤ ሽማግሌው ፐርልማን የጎደለውን ቃል በጆሮው ሹክ አሉለት።

ረቡዕ ጠዋት ሰባቱ ቀን ሞላ። ፐርልማን ሁለቱ በርጩማዎች ፊት ቆሙና፣ «በሉ እንግዲህ፣ ተነሱ» አሏቸው። ሮዛሊን ተነሳች። ሌኒ ወንበር ተደግፎ ነው የቆመው። አንሶላው ከመስታወቱ ላይ ወረደ። ከዚህ በኋላ የሚቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሐዘንተኞች ከቤት ወጥተው ሰፈሩን አንድ ጊዜ ይዞራሉ፣ ያኔ ሐዘኑ ተነሳ ይባላል።

ሌኒ በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን አወጣ። ብርዱ አጥንቱ ድረስ ገባ። ከበረሃ አገር የመጣ ሰው ነው፤ በላዩ ላይ ያለው ያው የተቀደደው ሸሚዝና ስስ ሹራብ ብቻ ነው።

«ቆይ» አለችው ሮዛሊን ከኋላው።

ኮሪደሩ ውስጥ ያለውን ቁም ሳጥን ስትከፍት ሰማ። የማርቪንን ጥቁር የሱፍ ካፖርት ይዛ መጣች። ሁለት እጇን ከፍ አድርጋ ዘረጋችለት፤ እሱም ጀርባውን ሰጥቷት አንድ ክንዱን፣ ከዚያም ሌላውን አስገባ። ማርቪን ትልቅ ሰው ነበር። ትከሻው ወደቀ፣ እጅጌው ረዝሞ የሌኒን ጣቶች ዋጣቸው።

ሮዛሊን ቁልፎቹን ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ ቆለፈችለት። ከዚያ ልታጥፍለት የቀኝ እጁን እጅጌ ያዘች።

«ተይው» አላት። «እንዲሁ ይሁን።»

ለቀቀችው። በበረዶው ላይ ቀስ ብለው ወረዱ፤ እሷ ክንዱን ይዛለች፣ እሱ ደግሞ እጁ በወንድሙ እጅጌ ውስጥ እንደተሸፈነ ነው።