የኦራሉ በር

ጉልላት ወፍጮውን የሚያዞርለትን ሞተር ያወጣው ከጦር ግንባር ተመትቶ ከመጣ ኦራል የጭነት መኪና ነው። ሞተሩን በጨረታ፣ በደረሰኝ ገዝቷል፤ ማንም ቢመጣ ደረቱን ነፍቶ ያሳያል። የወፍጮ ቤቱ በር ግን ሌላ ጉዳይ ነበር። በሩ የዚያው መኪና ስፖንዳ፣ የጭነቱ የጎን ብረት ነው። እሱን ያገኘው ከንብረት ጠባቂው ጋር በጓሮ ተስማምቶ ስለሆነ ደረሰኝ የለውም። በደርግ ጊዜ ደግሞ የጦር ሠራዊት ንብረት ያለ ወረቀት የተገኘበት ሰው ወፍጮው ብቻ ሳይሆን ራሱም ይወሰዳል። ጉልላት ይህን እያወቀ ገጠመው፤ ጥሩ ብረት አይቶ ማለፍ አይችል፣ ምን ይደረግ!

ክረምቱ ሲገባ አንዲት ሴት መመላለስ ጀመረች። ታቢታ ትባላለች። ከቡሹሎ እዚህ ታቦር ድረስ በእግሯ መጥታ የምታስፈጨው አንድ ጣሳ በቆሎ ነው። አንድ ጣሳ! ወፍጮው ውስጥ የሚቀረው እንኳ ከዚያ ይበልጣል። ተራዋ ሲደርስ ሌላውን ታስቀድምና በሩ ፊት ትቆማለች። ወታደሮች በሳንጃ የጫጫሩትን ጽሑፍ አፍጥጣ እያየች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ጉልላት ቀና ሲል ፊቷን ታዞራለች።

«ትቆጥራለች» አለ ለሚስቱ ለእህተማርያም።

«ምኑን?»

«እኔ ምን አውቄ! የሠራዊቱ ቁጥር ይኖርበት ይሆናል።»

እህተማርያም ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ትናንት ከቀበሌ አዳራሽ ስትወጣ አይቻታለሁ። ከአንድ ካድሬ ከሚመስል ጎረምሳ ጋር እያወራች።»

በቃ፣ ጉልላት እህል አልወርድ አለው። ደንበኛው ሁሉ ሰላይ መሰለው፤ የሚያስነጥሰው ሰው እንኳ ለሌላው ምልክት የሚሰጥ መሰለው። እሑድ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ በሩን ነቅሎ ወደ ውስጥ አስገባና በሞረድ ፋቀው። ብረቱ ልሙጥ እስኪሆን ፋቀና ሰማያዊ ቀለም ለቀለቀበት። ሲጨርስ ደስ አለው፤ እንደ ልጅ አፏጨ።

ሰኞ ታቢታ ያለ ጣሳዋ መጣች፤ ትሮጥ ነበር ማለት ይቻላል። ሰማያዊውን በር ስታይ ደርቃ ቀረች። ከዚያ መዳፏን ብረቱ ላይ አድርጋ ከላይ እስከ ታች ዳበሰችውና መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ምነው እትዬ፣ የጠፋብዎ ነገር አለ?» አለ ጉልላት፤ በሆዱ «ያዝኩሽ!» እያለ።

«ሙ ነበረ» አለች። «እዚህ ጋ ነበረ።»

«ምንድን ነው ሙ?»

«ልጄ ሙሴ ነው ስሙ። ኦራል ይነዳ ነበር። ከዘመተ ድምፁ ጠፋ። ቀበሌ አዳራሽ መሠረተ ትምህርት ገባሁ፣ ፊደሉን ሙን አወቅሁ፣ እዚህ በር ላይ አገኘሁት። ከሱ ቀጥሎ ያለውን ገና አልተማርኩም ነበር። ሴን ዛሬ ጠዋት ተማርኩ።»

ጉልላት ወደ ሰማያዊው በር ዞረ። «ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም? አነብልዎ ነበር እኮ!»

«የወታደር ብረት ቤትዎ አለ። የመንግሥት ሰው ነዎት ብዬ ፈራሁ። ልጄ ከድቶ ቢሆንስ? ብጠይቅ ኑና ያዙት ማለት ነው።» ቀና ብላ አየችው። «ከሙ ቀጥሎ ምን ነበረ?»

ያንን በር ጠዋት ማታ ሲከፍት ሲዘጋ ኖሯል። ሲፍቀውም ሞረዱ በእያንዳንዱ ፊደል ላይ ሄዷል። እሱ ግን ቁጥር ነበር የሚፈልገው፤ የወታደሮቹን ስም አንዱንም ልብ ብሎ አላነበበም። «ሴ ነው» ሊላት አሰበ፤ ኦራሉ ተመትቶ የመጣ ነውና ልጇን መግደል መሰለው። «ሌላ ነው» ሊላትም አሰበ፤ ይህም ውሸት ነው። አፈረ፣ እንባው መጣ።

«አላየሁም፣ እትዬ። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ አላነበብኩትም።»

ታቢታ ትኩር ብላ ተመለከተችው። ከዚያ አቧራዋን አራግፋ ተነሣች።

«ገባኝ» አለች በሹክሹክታ። «እንዳይናገሩ አዘውዎት ነው።»

እየተከተላት እንደሆነ ለማየት ደጋግማ ዞር እያለች ወደ ቡሹሎ ወረደች።