የወይዘሮ ባግናል ሻይና የኤዲት ቫዮሊን

በእኛ መንደር በሎንግድን፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ሲሆን ሙት እንኳ ከሳጥኑ ቀና ብሎ ሻይ ይጠይቃል። ዋሸ ካላችሁኝ ቀባሪውን ጠይቁት።

አምና የፖስታ ቤቷ ወይዘሪት ኤዲት ፕሮሰር አዳራሽ ውስጥ ቫዮሊን ስትጫወትልን አስር ሰዓት ደረሰና ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወደ ሻዩ ሄደ። ቀስቷ አየር ላይ ቀረ።

ዘንድሮ ደግሞ ያገራችን የሙዚቃ ደራሲዎች ሰሞኑን የሚጽፉትን ዓይነት ኮንሰርቶ አጠናች፤ አንድ ቫዮሊን ከሙሉ ኦርኬስትራ ጋር ሃምሳ ደቂቃ የሚያወጋበት። እኔ የመንደሩ ኦርኬስትራ ከበሮ መቺ ነኝ።

"ቶም፣ ዘንድሮም ጥለውኝ ከወጡ ቫዮሊኑን ምድጃ ውስጥ ነው የምከተው" አለችኝ።

"ኧረ ተይ! እንዲህ የረዘመውንስ ምን አስመረጠሽ?"

"እዚህ አገር ሰው የሆዱን አይናገርም። ይሄ ይናገርለታል።"

"ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ?"

"የተጠራቀመው ብዙ ነዋ!"

እኔም ለጽድቅ ብዬ የአዳራሹን ሰዓት በግማሽ ሰዓት ወደ ኋላ መለስኩት። የረሳሁት የሻይ አዛዣችንን ወይዘሮ ባግናልን ነው። የሳቸው ሆድ ከየትኛውም ሰዓት ይበልጣል።

ዜማው ሊያልቅ ሲል እኔና ጥሩምባ ነፊዎቹ ዝም የምንልበት ቦታ አለ። የቀሩት ቫዮሊኖች በጣት ጫፍ ብቻ እየተነካኩ፣ ሣር ክዳን ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ይሰማሉ፤ በዚያ ላይ ኤዲት ብቻዋን ታንጎራጉራለች። ይኼኔ የወጥ ቤቱ በር ብርግድ አለ። ወይዘሮ ባግናል፣ የሻይ ደወላቸውን ወደ ላይ አንስተው!

ወንበሮች ተንቋቁ። ቄሱ በግማሽ ተነስተዋል። ኤዲት ይህን ሁሉ አየች፤ አላቆመችም። እንዲያውም ድምፁን ዝቅ አደረገችው፣ በጆሮ እንደሚነገር ምስጢር።

ወይዘሮ ባግናል እጃቸው እንደተሰቀለ ቀረ። ቆይተው፣ በሌላው እጃቸው የደወሉን ምላስ ጭብጥ አደረጉት። ቄሱም ቀስ ብለው ተቀመጡ። ምድጃ ውስጥ የተዉት ኬክ ከሰለ፣ ሽታው መጣ፤ ሴትዮዋ እስከ መጨረሻዋ ድምፅ ንቅንቅ አላሉም።

ሻዩ ሬንጅ ሆኖ ጠበቀን፤ ማንኪያዬ መሃሉ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ሁሉም ጠጣ። ቄሱማ ደገሙ።

"ወይዘሮ ባግናል፣ አለቀሱ እንዴ?" አልኳቸው።

"ማን? እኔ? ጭሱ ነው! አንተ ባለጌ፣ ይልቅ ሂድና ሰዓቱን አስተካክል!"

ጭስስ ነበር። ወጥ ቤት ውስጥ።

ከዚያ ወደ ኤዲት ዞረው፣ "የከርሞውስ ስንት ደቂቃ ነው? ምድጃውን መቼ እንደማጠፋ ልወቅ እንጂ" አሏት።