የየኔታ አልጋ

አዘዘ ጠፍሩን ሲቋጥር እኔ እግሬን የአልጋው ጠርዝ ላይ ተክዬ እስብለት ነበር። የጠፍር አልጋ ሥራ እንዲህ ነው፤ አንዱ ይስባል፣ አንዱ ይቋጥራል፣ ከላላ ባለቤቱ መሬት ነክቶ ያድራል። ጠዋት የአልጋውን ርዝመት በመጋዝ አሳጥረነው ነበር። መሸንቲ ከተማ ያለች ጠላ ሻጭ ለቤቷ ጥግ አጭር መቀመጫ ፈልጋ ነው።

«ሳብ እንጂ» አለኝ አዘዘ። «የሬሳ አልጋ ሆነብህና ፈራህ?»

«የየኔታ ነው እኮ። ቀስ በል።»

«የየኔታ ነበር። አሁን የጠጪ ቂጥ ነው የሚያርፍበት።»

እኔና አዘዘ ሥራችን ይሄ ነው። በእጅ ጋሪ ፋሲሎ ሰፈርን እየዞርን ሰው የጣለውን ወንበር፣ ቁምሳጥን፣ የተቀደደ ፍራሽ እንለቅማለን፤ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ዳር ሸራ ወጥረን እንጠግናለን፣ እንሸጣለን። አልጋውን ያገኘነው ሀዲስ በር ላይ ነው። ሀዲስ የየኔታ ወልደ ዮሐንስ ልጅ ነው፣ ቢሮ ነው የሚሠራ። የኔታ ደግሞ እኔን ፊደል ያስቆጠሩኝ ናቸው።

በእኛ ሥራ አልጋ ራሱ ይናገራል። ብቻውን ከወጣ ሰዎቹ አዲስ ገዝተዋል ማለት ነው። ከነፍራሹ፣ ከነብርድ ልብሱ፣ ከነመቋሚያው ከወጣ ግን ባለቤቱ የለም። ይሄኛው ከነሁሉ ነው የወጣ። ከቤተ ክህነት ሰው ቤት መቋሚያ የሚወጣ ሰውየው ሲወጣ ነው።

ያን ዕለት የሀዲስ ሚስት፣ የብርጓል፣ በሩን ይዛ ቆማለች። ኮፍያዬን አወለቅሁ። ለቅሶ አልደረስሁ፣ አልሰማሁ፣ አፈርሁ።

«ነፍስ ይማር፣ እትዬ» አልኋት።

ትንሽ አየችኝ። ቀና ብላ መንገዱን አየች፣ ግራና ቀኝ። ከዚያ «አሜን» አለች። «ቶሎ አንሱልኝ ብቻ፣ ቦታ ይዟል።»

በቃ፣ አሜን ብላለች። እኔም ለሰፈሩ ሰው ሁሉ የኔታ አርፈዋል እያልሁ ነገርሁ። አንዷማ መንገድ ላይ ቁጭ ብላ አልቅሳለች።

እና ዛሬ ጠፍሩን እየሳብሁ ሳለ አዘዘ ቋጠሮውን ለቀቀብኝ። በጀርባዬ ተዘረርሁ። ቀና ስል ያማትባል።

«በስመ አብ» አለ። «ምናሴ፣ ዞረህ እይ። ብቻ እንዳትሮጥ።»

የኔታ ናቸው። ነጭ ጋቢ፣ በእጃቸው ጀሪካን። ለሞተ ሰው ፊታቸው በጣም ወዝቷል።

«ምነው፣ ጋኔን ያያችሁ መሰላችሁ» አሉ። «ወንዛዬ ነበርሁ። ፍልውኃው ወገቤን ቀጥ አደረገልኝ። ቤት ብገባ አልጋዬ የለም። የብርጓልን ብጠይቃት ሌባ ወሰደው አለችኝ። ሌባ ደግሞ የሚሸጥ ለእናንተ ነው ብዬ መጣሁ። ትናንት ወለል ላይ ነው ያደርሁ፣ ወገቤም...»

ሳይጨርሱት ዓይናቸው ሸራው ላይ ቀረ። መቋሚያቸውን የሸራው ምሰሶ አድርገነው ነበር። ሄደው ነቀሉት። ሸራው አዘዘ ራስ ላይ ወረደ፣ መንገደኛው ሳቀ፣ ሰው መሰብሰብ ጀመረ።

አልጋ ፍለጋ መውጣታቸውን ሰምታ ነው መሰለኝ የብርጓል ሀዲስን አስከትላ መጣች።

«እነዚህ ናቸው» አለች ገና ሳትደርስ። «ትኋኑ ይልቀቅ ብዬ ፀሐይ ላይ ባወጣው፣ ዞር ከማለቴ ጭነውት ሄዱ። አባባን ወለል ላይ ያስተኙ እነዚህ ናቸው።»

አዘዘ ከሸራው ሥር ወጣ። «እትዬ፣ እግዜርን አትፈሪም? ቆመሽ አይደል ያስጫንሽን?»

«እኔ? የአማቼን አልጋ?» ወደ ሰዉ ዞረች። «ስሙ እስቲ። አባባን በቁማቸው ቀብረው ሞቱ እያሉ ሲያስወሩ የከረሙ እነሱ አይደሉም?»

ባለሱቁ «አዎ፣ ለእኔም የነገረኝ ይሄ ነው» ብሎ በጣቱ አሳየኝ።

«ለአልጋ ብለው ሰው ይገድላሉ በሉኛ» አለ ሌላው። ሳቅ ሆነ። እኔ ምን ልበል፣ ያስወራሁ እኔ ነኝ።

ሀዲስ ስልኩን ይነካካል። አባቱንም አያይ፣ እኛንም አያይ። «ፖሊስ ልጥራ?» አለ፣ ስልኩን የሚጠይቅ ነው የሚመስል።

የብርጓል የተቆረጠውን የምታይ መስላ ጎንበስ አለችና ጆሮዬ ሥር መጣች። «ሀዲስም ያውቃል» አለችኝ ቀስ ብላ። «አብረን ነው ያወጣነው። በዚያው ገዳም ይገባሉ ብለን ነበር፣ ተመለሱ። አፍህን ከከፈትህ ዛሬ የሚያድሩ አንተ ጋ ነው። ዝም ካልህ፣ ወለልም ቢሆን ቤት ነው።»

እኔ ጋ ማለት ሸራው ሥር ማለት ነው።

የኔታ ይሄን አልሰሙም። አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ጠፍሩን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ከዚያ ቀስ ብለው ተጋደሙ። ከጉልበታቸው በታች ያለው ውጭ ቀረ፣ ተንጠለጠለ። አንዱ ጫማቸው ወደቀ። ሰዉ ሳቀ፤ አዘዘ እንኳ ሳቀ፣ ይቅር ይበለው።

«አጥሯል» አሉ፣ ወደ ላይ እያዩ።

«እርስዎ ረዝመው ነው አባባ። ፍልውኃው ነው» አለች የብርጓል። ሳቁ ባሰ።

ሳቁ ሲያልቅ የኔታ ተነሥተው ተቀመጡና መቋሚያቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው እኔን አዩኝ።

«ምናሴ» አሉኝ። «አስተምሬሃለሁ። ሌላው ያለውን ልተወውና አንተ የምትለኝን አምናለሁ። ሰርቃችሁት ነው፣ ወይስ ከቤቴ ነው የሰጧችሁ?»

አዘዘ በክርኑ ጎሰመኝ። የብርጓል ተንበርክካ ጫማቸውን ታጠልቅላቸዋለች፣ ዓይኗ እኔ ላይ ነው። ሀዲስ ገና አሁን ከስልኩ ቀና አለ።

ሰርቀን ነው ብል የኔታ ዛሬ የሚገቡበት ቤት አላቸው፤ እኔና አዘዘ ግን ፋሲሎ ላይ ጋሪ የምንገፋበት ደጅ የለንም። እውነቱን ብናገር ልጅ የላቸውም። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏቸው ነበር?