በካፖርቱ ቀኝ ኪስ

ሽጉጧን የመረጣት ቨርጂል ነው። የገዛቻት እህቱ ዊላ ብትሆንም ነጋዴው ጨርቅ ላይ ከደረደራቸው ከሦስቱ ይቺን ያዢ ያላት እሱ ነበር። ዛሬ ዊላ ከእናትና ከአባታቸው ጎን፣ ከአሮጌው የከሰል ማውጫ በላይ ባለው ጉብታ ላይ ተኝታለች። ቨርጂል ምርጫውን እያገላበጠ ሲመረምር ይውላል፤ እስካሁን በሽጉጧ አንድም ጉድለት አላገኘባትም። እሱን የሚበላውም ይኸው ነው።

ነገሩ የመጣው በዶይል ነው። ዶይል የዊላ ልጅ የታሚ ባል ነበር። ታሚ መንጋጋዋ ለሁለተኛ ጊዜ ሲሰበር፣ አንድ ረፋድ ላይ እሱ ሥራ ሄዶ ሳለ አንድ ሻንጣ ይዛ ወጣች፤ ወንዙን ተሻግራ ኦሃዮ ግዛት ገባች። ያለችበትን የምታውቅ ዊላ ብቻ ናት። ለቨርጂል እንኳ አልነገረችውም። አንተ ሁለት ቢራ ከቀመስክ የመቃብር ምስጢር ታወጣለህ ብላ ስቃበት ነበር። ዳኛው ዶይል መሣሪያ እንዳይዝ ፈረደበት፤ ሸሪፉም ቤቱ ድረስ ሄዶ ጠመንጃዎቹን ሁሉ ጭኖ ወሰደ። ለእሱ መሣሪያ ያዋሰ ሰው አብሮት እስር ቤት እንደሚገባም ለዘመዶቹ አስጠነቀቀ። በዚያ ሸለቆ ውስጥ ባዶ እጁን የሚሄድ ጎልማሳ ዶይል ብቻ ሆነ። ወንዶቹ ከኋላው ይሳሳቁበት ጀመር።

እሱ ግን ከዚያ ወዲህ ጨዋ ሆነ። ዊላን ያስፈራት ጨዋነቱ ነው። በጥቅምት መጨረሻ ፖስታ ቤቱ ደጃፍ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ ሳለ መጣና ባርኔጣውን አውልቆ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለ።

«እማማ ዊላ፣ ታሚ የት እንዳለች አንድ ቀን ይነግሩኛል።»

አልነግርህም አለችው። ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

«ይነግሩኛል» አለና ባርኔጣውን ደፍቶ መንገዱን ቀጠለ።

በማግስቱ ቨርጂል እህቱን ኤልዉድ ሱቅ ወሰዳት። ኤልዉድ የመሣሪያ ነጋዴ ነው፤ ከአባቱ በወረሰው ሱቅ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ቆሟል። መጀመሪያ የጠየቃት ምን ለብሳ እንደምትውል ነው። ካፖርት አለችው፤ ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ያቺን ሰማያዊ ካፖርቷን አታወልቅም። አረንጓዴ ጨርቅ አነጠፈና ሦስት ትንንሽ ሽጉጦች ደረደረላት። አንደኛዋ ስስና ቆንጆ ነበረች፤ የዊላ ጣቶች ግን ቁርጥማት ስላለባቸው የላይ ብረቷን ወደ ኋላ ስቦ ማቀባበል አቃታቸው። ሁለተኛዋ መዳፍ የማትሞላ፣ እጀታዋ ሐምራዊ ናት። ኤልዉድ ሴቶች ይወዷታል አለ።

«ዶይል ይቺን ሲያይ በሳቅ ይሞታል» አለች ዊላ፤ «ጥይትም አላባክን።»

ቨርጂል ያቺን ዓይነት ያውቃታል። የኪስ ብናኝ ከገባባት ጥይቷን ትነክሳለች፤ አንዴ ከነከሰች ደግሞ በሁለት እጅ ካልታገሏት አትለቅም። ሦስተኛዋን አነሣ። አጭር፣ ድብልብል ያለች አምስት ጎራሽ ነበረች፤ ጥይቶቿ በሚዞር ከበሮ ውስጥ ይቀመጣሉ። ጥይቱን የሚመታው መዶሻዋ ወደ ውስጥ የተቀበረ ስለሆነ ከኪስ ስትወጣ ጨርቅ አትይዝም። ምላጯ ይከብዳል፤ ግን የሚቀባበል፣ የሚከፈት፣ የሚረሳ ነገር የላትም። አንዱ ጥይት ቢከሽፍ እንኳ ምላጩን ደግሞ መሳብ ነው፤ ቀጣዩ ይመጣል። ይህን ለዊላ ደጋግሞ ያስረዳት ቨርጂል ነው።

«ይቺ ታኮርፋለች እንጂ አትዋሽም» አለ ኤልዉድ። ሲሸኛቸውም ሁለት ምክር ሰጣት። «ኪሱ ለሷ ብቻ ይሁን፣ ሚስ ዊላ፤ ቁልፍም ከረሜላም አይግባበት። ሌላው ደግሞ መኖሯን ማንም አይወቅ። ጉልበቷ አለመታወቋ ነው።»

ዊላ ለቤተ ክርስቲያን ሕፃናት የምታድለውን ከረሜላ ወደ ግራ ኪሷ አዛወረች። ቨርጂል ቅርጿ በጨርቁ ላይ እንዳይታይ ከአሮጌ ቦት ጫማ ቆዳ ቆርጦ ማኅደር ሰፋላት። አራት ቅዳሜ ከጎተራው ጀርባ የሸክላ አፈር ቁልል በጥይት አስደበደባት፤ ሁለት መቶ ጥይት ተተኮሰ፣ አንድም አልከሸፈም። በመጨረሻው ቅዳሜ ዊላ ከሰባት እርምጃ ላይ የቆመውን ጣሳ ከአምስት ሦስቴ መታችው። በየሳምንቱ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሽጉጧን ተቀብሎ ይፈታታል፣ ይወለውላል፣ ዘይት ያስነካል። እናታቸውን ሲያስታምም እንኳ እንዲህ አልተጠነቀቀም።

ግን አፉን አልጠበቀም። በታኅሣሥ ፀጉር ቤት ተራ ሲጠብቅ፣ የዶይል የአጎት ልጅ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይላጭ ነበር። ቨርጂል ድምፁን ከፍ አደረገና እህቱ ከእንግዲህ ባዶ ኪሷን እንደማትሄድ፣ አምስት ጎራሽ በካፖርቷ ቀኝ ኪስ እንዳለች ለፀጉር ቆራጩ አወራው። ያወራው ዶይል ጆሮ እንዲደርስና እንዲፈራ ነው። የፈራም መሰለ፤ ከዚያ ወዲህ ዊላን መንገድ ላይ ሲያያት ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ወደ ማዶ ይሻገር ጀመር። ቨርጂል ደረቱን ነፋ።

ዊላ ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። ኤልዉድ ያለህን ረሳኸው ወይ አለችው። ውሻ መኖሩ ካልተነገረ ሌባ በምን ይፈራል ብሎ መለሰላት።

«ውሻው የት እንደሚተኛ ግን ለሌባ አይነገርም፣ ቨርጂል።»

በጥር የዶይል እናት ኦፓል ሞተች። ኦፓልና ዊላ አብረው ያደጉ ናቸው። ቨርጂል ምግቡን በሰው ላኪ፣ አንቺ አትሂጂ ብሎ ለመናት። ዊላ፣ የራሷ ባል የሞተ ጊዜ ኦፓል ሦስት ቀን ሙሉ ከወጥ ቤቷ እንዳልወጣች አስታወሰችው፤ ልጇ ምንም ይሁን ምን፣ ለኦፓል ሳህን ልካ ራሷ እንደማትቀር ነገረችው። እንግዲያው ሽጉጧን ያዢ አላት። የዶሮ ሾርባውን ድስት በጭኗ ይዛ መኪናው ውስጥ ስትቀመጥ አያት፤ ካፖርቱ እንደ ወትሮው በቀኝ በኩል ከበድ ብሎ ወርዷል። ደስ አለው።

በሩ ላይ የኦፓል እህት ሉሪን ተቀበለቻቸው። ቤቱ በሰው ተጨናንቋል፣ የከሰሉ ምድጃ ይንቀለቀላል። ሉሪን ድስቱን ተቀብላ አሳለፈችና እጇን ወደ ዊላ ካፖርት ሰደደች። በዚያ አገር ለቀስተኛ ሁሉ ካፖርቱን አስረክቦ ይገባል፤ ካፖርቶቹ በጓዳ አልጋ ላይ ይከመራሉ። አላወልቅም ማለት በቤታችሁ አልቀመጥም ማለት ነው። ዊላ አንገትጌዋን ጨብጣ ቆመች።

«አውልቂ እንጂ የኔ ቆንጆ፤ ኋላ ስትወጪ ብርዱ ይመታሻል» አለቻት ሉሪን።

ዊላ ወደ ወንድሟ ዞራ አየችው። ቨርጂል ቤቱን ቃኘ፤ አርባ ሰው አለ፣ ፓስተሩ አለ፣ ዶይል ጥግ ላይ ጥቁር ክራባት አስሮ ፀጥ ብሎ ተቀምጧል። በዚህ ሁሉ ሰው መካከል ምን ይመጣል ብሎ አሰበ። ራሱን በእሺታ ነቀነቀላት። አወለቀችና ሰጠች።

ወንዶቹ እንደ ልማዳቸው በረንዳ ላይ ነበሩ። ቨርጂል ወንበሩን ወጥ ቤቱን በሚያሳየው የመስታወት በር ፊት ለፊት አድርጎ ተቀመጠ። ዊላ እጅጌዋን ሰብስባ ሳህን ታጥባለች። ፓስተሩና አብዛኛው ሰው ተሰናብቶ ሄዷል፤ ፀሐይ ከተራራው ጫፍ ላይ ነበረች። ያን ጊዜ ዶይል ከጓዳው ወጣ። ክንዱ ላይ አንድ ካፖርት ብቻ ይዟል፤ ሰማያዊ ነው።

ዊላ ጀርባ ቆመና፣ ጨዋ ሰው ለአሮጊት እንደሚያደርገው፣ ካፖርቱን በአንድ እጁ ከአንገትጌው ከፍ አድርጎ ያዘላት። ሌላው እጁ ከኋላው ነበር። የተናገረውን ቨርጂል አልሰማም፤ አጠገባቸው ሳህን ታደርቅ የነበረችው ሉሪን ናት ኋላ የነገረችው።

«ይልበሱት እማማ፣ ውጭው ይበርዳል። አሁን ይነግሩኛል።»

ዊላ እጇን በመሐረቧ አደረቀች። ዞር ብላ ካፖርቱን አየችው። ቨርጂልም አየው። ሦስት ወር ሙሉ ወደ ቀኝ ያዘነብል የነበረው ካፖርት ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሏል። የግራ ኪሱ በከረሜላ አብጧል፤ የቀኙ እንደ ወረቀት ተጣብቋል።

ቨርጂል ሲነሣ ወንበሩ ወደቀ። የበሩን እጀታ ያዘ። ዊላ ዶይልን ዓይን ዓይኑን እያየች ራሷን በእምቢታ ስትነቀንቅ በመስታወቱ ውስጥ ታየው፤ የዶይል እጅ ከኋላው ሲመጣም ታየው። በዚያች ቅጽበት በሕይወቱ ለምኖ የማያውቀውን ለመነ። ክሸፊ አላት ያቺን ሽጉጥ፣ ዛሬ ብቻ ክሸፊ። ሁለት መቶው ጥይት ትዝ አለው፤ ያለፈው እሁድ ያስነካት ዘይት ትዝ አለው። አንዱ ቢከሽፍ ደግሞ መሳብ ነው፣ ቀጣዩ ይመጣል ሲል የራሱ ድምፅ ተሰማው።

ዊላ አልነገረችውም። ሽጉጧም አልከሸፈችም።